ወደ ባንያኑ ጸሎት ቤት፦ ከመንዝ እስከ ሮቢት

ይህን የምጽፈው መንዝ ተወልዶ መንዝ ለሚኖር ሰው ነው። ቆላ ወርዶ የማያውቅ፣ ሊወርድም የማያስብ ብዙ ዘመድ አለኝ። ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዱ ስናገር ነገሩ በአፌ ላይ እያደገ መሄዱን አስተዋልሁ፤ ከዚህ በላይ ሳያድግ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ጉዞው የተደረገው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ነበር። ያን ጊዜ ብጽፈው በአንዲት ደግ ሴት ላይ ጉዳት ያመጣ ነበርና ጠላት ከአገር እስኪወጣ ቆየሁ። እኔ ቄስ ወይም ደብተራ አይደለሁም። ዳዊትን ከጎረቤት ተውሼ፣ በሠላሳ ዓመቴ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ገበሬ ነኝ።

የጉዞው ምክንያት ልጄ እልፍነሽ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወታደሮች መንደራችንን ሲያቃጥሉ ባለቤቴ ትናንሾቹን ይዛ ወደ ገደሉ ስር ወረደች፤ እኔ እልፍነሽን ይዤ ከበላይ ካለ ዋሻ ገባሁ። ሦስት ቀን ተደብቀን ቆየን። ስንወጣ ሁላችንም በሕይወት ነበርን፤ እልፍነሽ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተናገረችም። ትሰማለች፣ ትታዘዛለች፣ ትሠራለች፤ አትናገርም። ሁለት ሱባኤ ጠበል አስጠመቅናት። ቄሱ ድንጋጤ ነው አሉ፤ ጎረቤት ጋኔን ለክፏታል አለ።

በኋላ ከቆላ የመጡ የጨው ነጋዴዎች ለባለቤቴ አንድ ወሬ ነገሯት። ሮቢት ላይ ባንያን የሚባል፣ አቡጀዲና ቅመም የሚሸጥ የሕንድ ሰው ነበረ። በግቢው ውስጥ ለአምላኩ የጸሎት ቤት ሠርቶ ነበር። ጣሊያን ‘የእንግሊዝ ሰው ነህ’ ብሎ አባረረውና በሩን ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ማንም ሳያበራው መብራት ይበራል፤ ጧትና ማታ ማንም ሳይነካው ደወል ይደወላል፤ ከጣዖቱ ፊት የተቀመጠ ወተት ይጠጣል። ከካራቆሬ የመጣ አንድ ዲዳ ደወሉን ሰምቶ ተናገረ ይባላል።

ባለቤቴ ለመነችኝ። እኔ በሰይጣን ደወል ከምትናገር ዝም ብላ ትኑር አልሁ። በዚህ አቋሜ ክረምቱን ሙሉ ቆየሁ፤ እንዲያውም ኮራሁበት። በጥቅምት ግን ልጅቱ ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ከጧት እስከ ቀትር ፈለግናት። ስሟን እየጠራን በጉድጓዱ አጠገብ ሁለት ጊዜ አልፈናል። ያገኘናት ከስር በድንጋይ ስትቀጠቅጥ ድምፁን ሰምተን ነው። ያን ዕለት ማታ አህያዋን ለመንገድ አዘጋጁ አልሁ።

ማክሰኞ ጧት ውርጭ መሬቱን ነጭ አድርጎት ሳለ ወጣን። በሶ፣ የገብስ ቆሎና ሁለት ዝተት በአህያዋ ላይ ጫንን። ጽሑፉ ከመንዝ ውጭ ቢደርስ፣ ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠራ የአገራችን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ባለቤቴ ‘ቆላ ምን ያደርግላችኋል?’ አለችኝ፤ እኔ ማደሪያው አይታወቅም ብዬ አሳሰርሁ። ዳዊቴን በቆዳ ማኅደሩ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አነገትሁ። እዚያ ቤት ገብቼ ዳዊት በመድገም ያለውን መንፈስ እገሥጻለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ማታ መዘዞ ከአንድ ዘመዴ ቤት አደርን። ዘመዴ የምሄድበትን ሲሰማ ማዕዱን ባርኮ ከበላ በኋላ ‘አንተ ነህ እንዲህ የምታደርገው?’ አለኝ።

ረቡዕ ቁልቁለቱን ጀመርን። በጣርማ በር ሕዝቡ ተራራውን እየበሳ፣ ድንጋይ እየፈለጠ መንገድ ይሠራ ነበር። ከአንድ ወንዝ በመለስ አንድ ባንዳ አስቆመን።

‘ወዴት ነው?’

‘ልጄን ላሳክም።’

‘ከማን ዘንድ?’

መዋሸት አልወድም። ‘ከባንያኑ ጸሎት ቤት’ አልሁት።

ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‘እንግዲያስ የእናቴንም ጉልበት ንገርልኝ። ግራውን’ ብሎ አሳለፈን። ለጠላት ያደረ ሰውም እናት አለው። መንገድ ላይ ይህን ሳስብ ሄድሁ፤ ደስ አላለኝም።

አርማንያ ሳንደርስ ከአንድ ጅረት ላይ አህያዋ ከነጭነቷ ውሃ ውስጥ ተኛች። ሙቀት ልማዷ ባይሆንም ዘዴውን ወዲያው ተማረች። በሶው በአቁማዳ ስለነበር ተረፈ፤ ዝተቶቹ ግን ውሃ ጠጥተው አህያዋ ልትሸከማቸው የማትችል ሆኑ። አንዱን እኔ ተሸከምሁ። በዚያ ሙቀት፣ ላብ ባይኔ እየገባ፣ የረጠበ የበግ ጠጉር ተሸክሜ አርማንያ ስገባ ጠላ የምትሸጥ ሴት ደጃፏ ላይ ቆማ አየችኝና፣ ‘እትዬ ደጋ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ነው እንዴ የመጣችው?’ አለች። እልፍነሽ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቋን ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ ስለዚህ አልተቆጣሁም። ሴትዮዋም ዝተቶቹን ራሷ ጨምቃ አጥር ላይ አሰጣች፤ ለማደሪያም መደቧን ለቀቀችልን።

ሐሙስ ቀወት ገባን። የእኛ አገር ሰው ገብስ ከጉልበት በላይ ሲያድግ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ እዚያ ማሽላው ከበቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል። በየማሳው መካከል በእንጨት የቆመ ማማ አለ፤ ሰው በላዩ ሆኖ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ይህን ቆሜ ሳይ አህያዋ ከእጄ አምልጣ ማሽላ ውስጥ ገባች። የማሳው ጌታ ከማማው ሲወርድ ወንጭፉን ይዞ ነበር። ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። አህያዋን በጆሮዋ ይዘው አወጧትና ጠየቁኝ፦

‘አያ፣ ይህች አህያ ክርስቲያን ናት እስላም?’

‘አህያ ናት’ አልሁ።

‘አይደለም። ቢስሚላህ ሳትል ነው የበላችው፤ አማተበችም እንዳልል እጅ የላትም። እንግዲህ ሃይማኖት የሌላትን ምን ብዬ ልክሰሳት?’

ካሳ እከፍላለሁ ስል እንደ ሰደብኋቸው ቆጠሩት። ወደ ቤታቸው ወሰዱን። እዚያ ያየሁትን የአገሬ ሰው እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ባለቤታቸው አንድ ዶሮ ከነነፍሱ፣ ቢላዋ፣ ድስትና ሁለት ሳህን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። ድስቱም ሳህኑም ለክርስቲያን እንግዳ ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ ከቆጥ ሲወርድ አቧራው ተጠርጎ ነበር። እኔ ባርኬ አረድሁ፤ እሷ ቅመሙን እየነገረችኝ እኔና ልጄ ሠራን። ሃይማኖታችን ሳይነካ በአንድ ቤት በላን። እኛ ደጋ ላይ እስላም እንግዳ ቢመጣብን ምን እናቀርብለታለን? ለእስላም የለየነው ድስት በቤቴ የለም። ይህን ለባለቤቴ ነግሬ አሁን አንድ ገዝተናል።

ስለ ባንያኑ ቤት ጠየቅኋቸው።

‘ሼኾቹ ጂን ነው ይላሉ’ አሉኝ። ‘የእናንተ ቄስ ሰይጣን ነው ይላል። በዚህስ ተስማምተዋል።’

‘አንቱ ምን ይላሉ?’

‘እኔ ማሽላ እጠብቃለሁ’ አሉና ወደ እልፍነሽ ዞረው፣ ‘ይህች ልጅ ከኛ ጋር ትቆይ። በዚህ ቤት የሚናገር ሞልቷል፤ የሚሰማ ጠፍቶ ነበር’ አሏት።

ዓርብ ዶሮ ሲጮህ ተነሥተን ፀሐይ ሳትወጣ ሮቢት ደረስን። ከባንያኑ ግቢ ፊት ለፊት ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ዓይነ ስውር አለ፤ እንቅርት ያለበት አለ፤ በወባ የሚንቀጠቀጥ ልጅ የታቀፈች እናት አለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቧል። አጠገቤ የቆመው ሰው ሳልጠይቀው ‘ለአጎቴ ልጅ ነው የመጣሁት’ አለኝ። እኔም ሳይጠይቀኝ ‘ለልጄ ነው’ አልሁት።

በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ተዝጎ ነበር። በጠባቧ መስኮት በኩል ቢጫ ብርሃን ይታያል። ሰማዩ ሲገርጣ ደወሉ ተደወለ። ትንሽ ደወል ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሰባት ጊዜ። ሰዉ ወደ መሬት ተደፋ፤ አንዳንዱ እልል አለ። እውነቱን እናገራለሁ ብያለሁና፣ የእኔም ጉልበት ሊታጠፍ ሲል ነው ያዝሁት። ወደ ልጄ አፍ አየሁ። አፏ እንደ ተዘጋ ነው። በዚያች ሰዓት፣ ዳዊቴን እንደ ተሸከምሁ፣ የጣዖት ደወል ልጄን እንዲያናግርልኝ በልቤ ለመንሁ። ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ፤ ለአንባቢም አልደብቅም።

ሰዉ ገና ሳይነሣ እልፍነሽ ጋቢዬን ሳበችኝ። በግቢው ጎን የቅንጭብ አጥር አለ፤ ዙሪያውን ይዛኝ ሄደች፤ በክፍተቱ አሳየችኝ። ከጸሎት ቤቱ ኋላ አንዲት አጭር በር ነበረች። ከዚያች በር አንዲት አሮጊት ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፤ በሩን ዘጋችና የማገዶ እንጨት ደገፈችበት። በአጥሩ ክፍተት ገባሁ።

‘እንዴት አደሩ፣ እትዬ?’

ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። ‘ማነው እሱ?’

‘የመንዝ ሰው ነኝ። ደወሉን የሚደውሉት አንቱ ነዎት?’

እኔን ትታ ልጅቱን አየች። ‘ያየችኝ እሷ ናት?’ አለች። ‘ያ ሁሉ ሰው ሲመላለስ ከኋላ ልይ ያለ የለም። ግቡ፤ ሰው ሳያያችሁ ግቡ።’

እትዬ ዘሃራ ትባላለች፤ አርጎባ ናት። ሃያ ዓመት ለባንያኑ ቅመም ወቅጣለች። የማሽላ ቂጣና እርጎ አቀረበችልን፤ ዓርብ ነውና ልጄ ቂጣውን ብቻ ስትበላ ነገረችኝ። ጣሊያን ሲያባርረው፣ ዕቃውን ለማሰር እንኳ ጊዜ ሳይሰጠው፣ ‘ዘሃራ፣ እስክመለስ መብራቱ አይጥፋ፤ ደወሉ አይቅር’ አላት።

‘አምላክህን አላመልክም አልሁት’ አለችኝ። ‘አምልኪ አላልሁሽም፣ ጠብቂልኝ ነው ያልሁሽ አለኝ። አማና ነው፤ አደራ። አምስት ጊዜ ሶላቴን እሰግዳለሁ፤ ከዚያ ዘይት እጨምራለሁ። አላህ ልቤን ያውቃል።’

‘ታዲያ ለምን በድብቅ?’

‘የኋላ በር እንዳለ ጣሊያኖቹ ቢያውቁ የናስ ዕቃውን ሁሉ ጭነው ይሄዳሉ። ጂን አለበት ሲባል ግን አይደፍሩም። አንዱ ወታደራቸው ደወሉን ሰምቶ እያማተበ ሮጠ።’

‘ይህ ሁሉ በሽተኛ ሲታለልስ?’ አልኋት፤ በቁጣ ነው።

አንገቷን ደፋች። ‘እሱ ያስጨንቀኛል። እኔ ኑ አላልሁም። ብናገር አማናው ይጠፋል፤ ዝም ብል እነሱ ይደክማሉ። ለልጆቹ ወተት አጠጣለሁ፤ የወባ ቅጠልም አውቃለሁ፤ የሚድን ይድናል።’

‘ጣዖቱ የሚጠጣው ወተትስ?’

‘በሳህን አፈሳለሁ፤ ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ። ድመት ይሆናል። ድመት ግን አላየሁም።’

የወተቱን ነገር እኔም አላወቅሁትም፤ እንደ ነገረችኝ ጻፍሁት።

ቤቱን ለማየት ጠየቅሁ። በአጭሯ በር ላይ ጫማዬን ማውለቄን ያወቅሁት ካወለቅሁ በኋላ ነው። እግሬ ቤተ ክርስቲያን መስሎት እንደ ሆነ እንጃ፤ ተናደድሁበት።

‘ቆዳም አይገባም’ አለችኝ። ‘ከሞተ ከብት የመጣ ነገር አይግባ ብሏል።’

ጠፍሬን ፈታሁ። ማኅደሩንም አወጣሁ፤ ዳዊቱን ብቻ ያዝሁ።

‘መጽሐፉስ ከምንድን ነው?’

ልዋሽ ቃጣኝ። ‘ብራና ነው። የፍየል።’

‘ያውም ፍየል’ ብላ ሳቀች። እንግዲህ ልገሥጽበት ይዤ የመጣሁትን ዳዊት ከግቢው ግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬ ባዶ እጄን ገባሁ።

ቤቱ የእኛን የዕቃ ቤት ያህላል። በድንጋይ መደብ ላይ ራሱ የዝሆን፣ ገላው የሰው የሆነ የድንጋይ ምስል ተቀምጧል። ከፊቱ የናስ መብራት፣ ሳህን፣ የደረቀ አበባ። ወለሉ ተጠርጓል፤ ናሱ ያበራል። ምስሉን አልወደድሁትም፤ አሁንም አልወደውም። ግን የእኛን ቤተ ክርስቲያን አሰብሁ። ወታደሮቹ ጣራውን ካቃጠሉት ወዲህ ካህናቱ ተበትነው፣ ከቅጥሩ ውስጥ ጧፍ ያበራ ሰው አልነበረም። እኔም አላበራሁም። አንዲት እስላም ሴት የማታምንበትን የሰው አምላክ ቤት ስትጠርግ፣ እኔ የማምንበትን ቤት ሣር ሲበላው አይቻለሁ።

‘ባይመለስስ?’ ብዬ ጠየቅኋት። ‘ባንያኑ በዚያው ቢቀርስ?’

ዘይቱን እየጨመረች፣ ‘እንጃ’ አለች። ‘ያሰረኝ እሱ ነው። እሱ ካልመጣ ማን ይፈታኛል?’

ይህን ስትል እልፍነሽ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። የአሮጊቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨበጠች። እትዬ ዘሃራ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና፣ ‘ይህችን ልጅ ማን ምን አላት?’ አለችኝ።

ቄሱ ምን ሆነች ብሎ ጠይቋል፤ ጎረቤት ምን አየች ብሎ ጠይቋል። ማን ምን አላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዋሻው ውስጥ ሳለን የወታደሮቹ ድምፅ ከበላያችን ሲሰማ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ዳዊቴን ከራሷ ላይ ጭኜ፣ ‘ገዝቼሻለሁ፤ እኔ ሳልፈታሽ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ’ አልኋት። ግዝት የካህን ሥልጣን ነው፤ እኔ ግን በቤቴ እንደ ልማድ አደርገው ነበር። ወንዝ እንዳትሄዱ፣ ገዝቻለሁ፤ ጥጃው እንዳይጠባ፣ ገዝቻለሁ። ልጆቼ ሲያጠፉ በአርጩሜ ሳይሆን በዚህ ነበር የምይዛቸው፤ ግዝቴን ያፈረሰ ልጅ በቤቴ የለም ብዬም በሰው ፊት ተመክቻለሁ። ሌላውን ግዝት የማነሣው ልጆቹ እየመጡ ‘ይፍቱን’ ሲሉኝ ነው። ይህችኛዋ እንዳትናገር ገዝቻት በምን አፏ ትጠይቀኝ? ጉድጓድ ውስጥ ወድቃም ጠበቀችኝ። እኔም ረስቼው ነበር።

ሁሉንም ለእትዬ ዘሃራ ነገርኋት። አልፈረደችብኝም። ‘እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?’ አለችኝ።

የገዘትሁበት መጽሐፍ ደጅ ነበር። ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ ከግራሩ ስር አንበረከክኋት፤ ዳዊቱን አውርጄ ከራሷ ላይ አደረግሁ። ‘እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔም ፈትቼሻለሁ። የማይገባኝን ሥልጣን ይዤ አስሬሻለሁና ይቅር በይኝ’ አልኋት። ከልጆቼ አንዱን ይቅርታ የጠየቅሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ምንም አልሆነም። ራሷን ነቀነቀች፤ ተነሣች፤ አህያዋን ልትጭን ሄደች። እትዬ ዘሃራ የደረቁትን ዝተቶች አይታ ‘ይህ ለማን ነው? በዚህ እሳት አገር?’ አለችኝ፤ ግን አጥንቷ አርጅቶ ሌሊት ይበርዳታል መሰለኝ፣ አንዱን ስሰጣት እምቢ አላለችም።

በሮቢ ወንዝ ዳር ከአንድ ዋርካ ጥላ አረፍን። ለአህያዋ ውሃ ሳጠጣ ከኋላዬ የሻከረ ድምፅ ሰማሁ።

‘አባዬ፣ የተፈታሁት ለሁሉም ሰው ነው፣ ወይስ ለአንቱ ብቻ?’

ዞር አላልሁም፤ ፊቴን እንድታይ አልፈለግሁም። ‘ለሁሉም ሰው ነው’ አልሁ።

‘ለላምም?’

‘ለላምም።’

‘ለዘፈንስ?’

ዘፈን በቤቴ አልወድም። ውሃው ሲሄድ ጥቂት አየሁ። ‘ለዘፈንም’ አልኋት።

ቅዳሜና እሑድ ዳገቱን ወጣን። ማኅደሬን እሷ ተሸከመችልኝ። ማሽላው ከታች ቀረ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ እሷም ያን ሁሉ ወር የያዘችውን አወጣችው። የአህያዋ ጆሮ የተቆረጠው እንዴት እንደ ሆነ፣ ከጎረቤት ልጆች ማን ማንን እንደ ሰደበ፣ እናቷ ወጥ ስትሠራ ብቻዋን የምትለውን፣ በዋሻው ጣራ ላይ የነበሩትን የሌሊት ወፎች አንድ በአንድ ነገረችኝ። በጣርማ በር ዳገት ትንፋሼ አጥሮ፣ ደረቴ እያፏጨ፣ እሷ አልደከማትም። አንድ ጊዜ ‘በቃ’ ልላት አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት። ከዚያ እስከ መዘዞ ድረስ ከአፌ የወጣው ‘እሺ’ እና ‘ከዚያስ?’ ብቻ ነው።